«ሲያምዎ ብቻ»፦ ስለ ሕመም ማስታገሻ መድኃኒት አወሳሰድ



የዛሬውን ትምህርት የምንጀምረው አንዲት እናት ካመጡልኝ ጥያቄ ነው። ባለፈው ሰንበት ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ላይ ጠበቁኝና የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው አንዲት ትንሽ የመድኃኒት ከረጢት አወጡ። ውስጧ ፓራሲታሞል ነው። በላይዋ በእስክሪብቶ «ሲያምዎ ብቻ» ተብሎ ተጽፎባታል።

«ልጄ፣ አንተ መድኃኒት ቤትም ስለምትሠራ ልጠይቅህ» አሉኝ። «ሲያምዎ ብቻ ነው የሚወስዱት ተባልኩ። እኔን መቼ ነው የማያመኝ?»

«ታዲያ እስካሁን እንዴት ሲወስዱት ቆዩ፣ እማማ?»

«ቀን ቀን እችለዋለሁ። ጾሙም አለ፣ ሥራውም አለ። ሌሊት ጉልበቴ አላስተኛ ሲለኝ ግን ሁለት እውጣለሁ። አልነካኝም ብዬ ሁለት እደግማለሁ። እንዲያም ሆኖ ካልተወኝ…» አሉና ዝም አሉ።

እኚህ እናት ዕድሜያቸውን በሙሉ በኢሉባቦር ቡሬ ዙሪያ ቡና ሲለቅሙ፣ ሲያደርቁና ሲሸከሙ የኖሩ ናቸው። እዚያው ቆሜ ልመልስላቸው ስጀምር ሌሎች እናቶችና አባቶች ከበቡን፤ የእርሳቸው ጥያቄ የሁሉም ጥያቄ ነበር። ስለዚህ ዛሬ ሳንቸኩል እንማረው። ኦሮምኛ የሚቀላችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ስጨርስ ዋና ዋናውን በኦሮምኛ እደግመዋለሁ።

መጀመሪያ ቃሉን እንየው። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት፣ የደም ግፊት መድኃኒት፣ የኤች አይ ቪ መድኃኒት ሰዓት ተቆርጦላቸው ይሰጣሉ። ቢያምም ባያምም ይወሰዳሉ፤ ሕመምተኛው የሚመርጠው ነገር የለም። «ሲያምዎ» የተባለው ግን ሌላ ነው። ሐኪሙ ከውሳኔው ከፍሎ በሕመምተኛው እጅ አስቀምጦታል። ልውሰድ ወይስ ልቆይ? አንድ ይበቃኛል ወይስ ሁለት? ብሎ የሚፈርደው ታማሚው ራሱ ነው፤ ያውም በሌሊት፣ ብቻውን፣ እየታመመ።

ይህ ለእኛ እንግዳ ትምህርት አይደለም። መጽሐፈ ሲራክ በ15ኛው ምዕራፍ ስለ ነጻ ፈቃድ ሲያስተምር እሳትና ውኃ በሰው ፊት እንደቀረቡለት፣ እርሱም እጁን ወደ ወደደው እንደሚሰድድ ይናገራል። ይኸው መጽሐፍ በ38ኛው ምዕራፍ ደግሞ ሐኪምን የፈጠረ እግዚአብሔር እንደሆነ፣ መድኃኒትንም ከምድር እንዳስገኘ፣ አስተዋይ ሰው እንደማይንቀው ያስተምራል። ሁለቱን ምዕራፎች ብዙ ጊዜ ለየብቻ ነው የምንሰማቸው። በእማማ ከረጢት ላይ ግን አብረው ተጽፈዋል፤ መድኃኒቱ ስጦታ ነው፣ አወሳሰዱ ለፈቃዳቸው የተተወ ነው። ፈቃድ የተሰጠው ሰው ደግሞ ወሰኑን ሊያውቅ ይገባዋል። አዳም ከገነት ዛፎች እንዲበላ ሲፈቀድለት ወሰኑም አብሮ ተነግሮታል። ከረጢቱ ላይ «ሲያምዎ ብቻ» ተብሎ ወሰኑ ሳይጻፍ ከቀረ፣ ትምህርቱ ግማሽ ነው። ስለዚህ መድኃኒት ስትቀበሉ ሦስት ነገር ሳትጠይቁ ከመስኮቱ አትራቁ፦ በአንድ ጊዜ ስንት፣ ከስንት ሰዓት በኋላ ይደገማል፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከስንት አያልፍም። ይህን መጠየቅ ድፍረት አይደለም፤ የሚሰጠው ሰው ሊነግራችሁ ግዴታው ነው።

አስቀድሜ «እችለዋለሁ» ለሚሉት እናገራለሁ፤ በዚህ ጉባኤ የሚበዙት እነሱ ናቸውና። በአገራችን ቻይ መሆን ያስመሰግናል፤ መልካም ነው። ሕመምን መቻልና ማስታገሻን እንደ ኃጢአት መቁጠር ግን የተለያዩ ናቸው። አንዳንዶች ጌታችን ሊሰቀል ሲል ከርቤ የተቀላቀለበትን ወይን አለመቀበሉን፣ ማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ላይ ያለውን፣ ያነሡብኛል። እውነት ነው፣ አልተቀበለም። እርሱ መከራውን ስለ እኛ በፈቃዱ ሊቀበል የመጣ ነው። ወደ እርሱ እየጮኹ የመጡትን ሕሙማን ግን «ቻሉት» ብሎ የመለሰበት ቦታ በአራቱም ወንጌል የለም። የጴጥሮስን አማት ከትኩሳቷ አስነሥቷታል። በምሳሌው ያመሰገነው ሳምራዊም የቆሰለውን ሰው አይቶ ስለ ትዕግሥት አልሰበከለትም፤ ዘይትና ወይን አፍስሶ ቁስሉን አሰረለት፣ ማደሪያም ከፈለለት።

ሕዝቅያስ ንጉሥ በታመመ ጊዜ ጸሎቱ ተሰምቶለት 15 ዓመት ተጨመረለት። ከዚያም በኋላ ነቢዩ ኢሳይያስ ከበለስ የተሠራ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ እንዲያደርጉለት አዘዘ። ጸሎቱ ስለተሰማ መድኃኒቱ አልቀረም። ቅዱስ ጳውሎስም ሆዱን ለሚያመው ለደቀ መዝሙሩ ለጢሞቴዎስ ወይን እንዲጠጣ ሲመክረው መጠኑን አብሮ ነግሮታል፤ ጥቂት ብሎታል። ያቺን ቃል ልብ በሉልኝ። መድኃኒቱን ያለ ልኩ አላዘዘውም።

በእኛም ዘመን ቤተ ክርስቲያናችን በዚህ ጉዳይ በግልጽ ተናግራለች። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገሪቱ መሰጠት በጀመረባቸው ዓመታት ወደ እንጦጦ ጸበል የወጡ ብዙ ምእመናን መድኃኒቱን ማቋረጥ አለብን ብለው ያምኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 በወቅቱ ፓትርያርክ የነበሩት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ እንደሆኑ፣ አንዱ ሌላውን እንደማይቃወም በይፋ አስተማሩ። በዚያ ለጽኑው በሽታ የተነገረው ለጉልበት ሕመምም ይሠራል። ጸበል የሚጠመቅ ሰው ኪኒኑን መጣል የለበትም።

መቻል የሚያስከትለው ሌላም ጉዳት አለ። ማስታገሻ እንደተዋጠ አይሠራም፤ ፓራሲታሞል ሥራውን የሚጀምረው ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ጥርስ የተነቀለ ወይም ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ሕመሙ ጫፍ እስኪደርስ ጥርሱን ነክሶ ከጠበቀ፣ በዚያ ላይ ሌላ አንድ ሰዓት ሊሰቃይ ነው። ስለዚህ ሕመሙ መነሣት ሲጀምር፣ ገና ሳይግም፣ መውሰድ ይሻላል። ቁስል ሊታጠብላችሁ ወይም ረጅም መንገድ ልትሄዱ ስትሉ ሕመሙ እንደሚመጣ የምታውቁ ከሆነ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ብትወስዱት «ሲያምዎ» የሚለውን ቃል አላፈረሳችሁም። ዓላማው ሕመምን ከነሥሩ ማጥፋት አይደለም። እንድትተኙ፣ እንድትራመዱ፣ ቆማችሁ እንድታስቀድሱ ነው። ያ ከሆነላችሁ መድኃኒቱ ሥራውን ሠርቷል።

አሁን ደግሞ ወደ ሌላው ወገን እንሂድ። እማማ «አልነካኝም ብዬ እደግማለሁ» ያሉት ነገር እንቅልፍ ነሥቶኛል። ቡና ስታፈሉ ጀበናው እንደተንተከተከ አትቀዱም፤ አውርዳችሁ እስኪሰክን ትጠብቃላችሁ። ሳይሰክን የተቀዳ አተላው ሲኒ ውስጥ ይገባል። መድኃኒትም እንዲሁ የመስከኛ ጊዜ አለው። በ20 ደቂቃ «አልነካኝም» ተብሎ የተደገመው ከመጀመሪያው ጋር ተደራርቦ ሥራ ይጀምራል።

ልኩ ይህ ነው። ፓራሲታሞል አንዱ ኪኒን አብዛኛውን ጊዜ 500 ሚሊግራም ነው። ጉበቱ ጤነኛ የሆነ አዋቂ ሰው በአንድ ጊዜ 1 ወይም 2 ይወስዳል። ለመድገም ቢያንስ 4 ሰዓት ይጠብቃል፤ 6 ቢሆን ይመረጣል። በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ኪኒን፣ ማለትም ከ4,000 ሚሊግራም፣ ፈጽሞ አያልፍም። ክብደቱ ከ50 ኪሎ በታች የሆነ፣ ጉበቱ የታመመ፣ አረቄና ጠጅ የሚያዘወትር፣ ምግብ ያነሰው ሰው ልኩ ከዚህም ያንሳል። «እማማ፣ ስንት ኪሎ ነዎት?» ብላቸው «ቡና መመዘኛው ላይ ወጥቼ 44 አሉኝ» አሉ። ለእርሳቸው በአንድ ጊዜ አንድ ኪኒን፣ በ6 ሰዓት ልዩነት፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ሳያልፍ ነው የነገርኳቸው። ጉልበታቸው አላስተኛ ባላቸው ሌሊት ሁለትና ሁለት እያሉ የወሰዱት ግን የቀኑን ልክ በሁለት ሰዓት ውስጥ ነበር።

ሰዓት አቆጣጠራችንም ያሳስተናል። በየ6 ሰዓቱ የተባለ ሰው ጠዋት 1 ሰዓት ከወሰደ ቀጥሎ ቀን 7 ሰዓት፣ ከዚያ ማታ 1 ሰዓት፣ ከዚያ ሌሊት 7 ሰዓት ነው። ወረቀቱ ላይ 8 ተብሎ በፈረንጅ ሰዓት ተጽፎ ከሆነ በእኛ 2 ሰዓት ነው፤ ይህን ሳያጣራ ቀን 8 ሰዓት ድረስ የቆየ ሰው አውቃለሁ። ደግሞም 24 ሰዓቱ የሚቆጠረው ከመጀመሪያዋ ኪኒን ነው። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ የተወሰደችው ጎሕ ስለቀደደ አትሰረዝም።

ፓራሲታሞልን የምፈራው ስለሚናቅ ነው። ሱቅም ስለሚገኝ ከረሜላ ይመስላል። ከልክ ያለፈበት ሰው በመጀመሪያው ቀን ምንም ላይሰማው ይችላል፤ ጉበቱ መጎዳቱ የሚታወቀው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ነው። ማርከሻ መድኃኒት አለው፤ ነገር ግን ከሁሉ የሚበጀው በመጀመሪያዎቹ 8 ሰዓታት ውስጥ ሲሰጥ ነው። ስለዚህ ሰው ብዙ ኪኒን መዋጡን ስታውቁ «ደኅና ነኝ» ቢልም ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ፣ ካስፈለገም ወደ መቱ ካርል ሆስፒታል ይዛችሁት ሂዱ። በወሬ አታሳፍሩት።

ከአሜሪካ ልጆቻችሁ የሚልኩላችሁ ጠርሙስም አለ። ታይሌኖል የሚለው በውስጡ ኤሲታሚኖፌን ነው፤ ኤሲታሚኖፌን ማለት ደግሞ ፓራሲታሞል ማለት ነው። የጉንፋን ኪኒኖችም ብዙዎቹ ፓራሲታሞል ተቀላቅሎባቸዋል። የመድኃኒት ቤቱን፣ ልጁ የላከለትንና የጉንፋኑን በአንድ ቀን የወሰደ ሰው ሦስት መድኃኒት የወሰደ ይመስለዋል፤ የወሰደው ግን አንዱን ሦስት ጊዜ ነው። አድቪል ደግሞ አይቡፕሮፌን ነው። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ወንድማማቾች ናቸውና በአንድ ቀን አይደረቡም። ዳይክሎፌናክ በመርፌ ተወግቶ መጥቶ ቤት ያለውን ዳይክሎፌናክ ኪኒን የሚውጥ ሰው በየሳምንቱ አያለሁ። መርፌው ሌላ ነገር ይመስለዋል፤ ያው ነው። ጨጓራው የቆሰለ፣ ኩላሊቱ የታመመ፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው እነዚህን ሐኪም ሳይጠይቅ አይንካ። ሰገራው እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰው ኪኒኑን ያቁም፣ በዚያው ቀን ይታይ። ለሕፃን ደግሞ የአዋቂ ኪኒን በዓይን ገምቶ መክፈል የለም፤ የሕፃን ልክ በኪሎው ነው፣ ሽሮፑም የሚለካው አብሮት በመጣው መስፈሪያ እንጂ በወጥ ማንኪያ አይደለም።

ስለ ጾም ብዙዎች ጠይቃችሁኛል። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ባዶ ሆድ ላይ ጨጓራን ይጎዳሉ። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው እነዚህ ከታዘዙለት ከምግብ በኋላ እንዲሆኑለት ሰዓቱን ከሐኪሙ ጋር ያስተካክል። ፓራሲታሞል በባዶ ሆድም ይወሰዳል። ሕመሙ የጸናበት ሰው ግን ጾሙን በራሱ አይፍረድ፤ ወደ ንስሐ አባቱ ይሂድ። ፍትሐ ነገሥት ስለ ጾም ሲደነግግ ለሕመምተኛ ፈቃድ ይሰጣል፤ ንስሐ አባት የተሾመውም ይህን ለይቶ እንዲፈታ ነው። ለቅዱስ ቁርባን የሚዘጋጅ ታማሚም ስለ ኪኒኑ አስቀድሞ ይጠይቅ። እግረ መንገዴን፣ ሙስሊም ጎረቤቶቻችሁም በረመዳን በዚሁ ይቸገራሉ፤ ሃይማኖታቸው ለታመመ ሰው ፈቃድ አለው። የሰዓቱን ነገር ንገሯቸው።

የእኛ አገር የጾም ራስ ምታት ግን ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ሌላ ነው። ኢሉባቦር ቡና የሚበቅልበት ብቻ ሳይሆን በቀን ሦስት ጊዜ የሚፈላበት አገር ነው። ማታ 12 ሰዓት በረካውን የጠጣ ሰው በማግሥቱ እስከ 9 ሰዓት ሲቆይ 21 ሰዓት ያለ ቡና ሆነ ማለት ነው። ቡና የለመደ አካል ቡናው ከቀረበት ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ራስ ምታት ይጀምረዋል። ለዚህ በየቀኑ ኪኒን መዋጥ መፍትሔ አይደለም። ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ባሉት ቀናት ሲኒውን እያሳነሱ፣ ቁጥሩን እየቀነሱ መምጣት ይቻላል። ይህን የምለው አንድ ሌላ ነገር ስላለ ነው፦ ለራስ ምታት በወር ውስጥ 15 ቀንና ከዚያ በላይ ማስታገሻ የሚወስድ ሰው፣ ይህን ለወራት ከቀጠለ፣ ማስታገሻው ራሱ ራስ ምታት ያመጣበታል። ትራማዶልን የመሰሉት ሲሆኑ 10 ቀንም ይበቃል። ኪኒኑ ያሳርፈኛል ብሎ ይውጣል፣ የኪኒኑ ኃይል ሲያልፍ ያመዋል፣ ደግሞ ይውጣል።

ትራማዶልን ካነሣሁ፣ ይህ ከጎረቤት የሚበደሩት መድኃኒት አይደለም። ከልክ ሲያልፍ ያንቀጠቅጣል፣ ከአረቄ ጋር እስትንፋስን ያደክማል፣ ልማድም ይሆናል። በስሙ ላልታዘዘለት ሰው መስጠት ምጽዋት አይደለም።

ቤታችሁ ውስጥ በካንሰር የታመመ ሰው ካለ ግን ከዚህ ሁሉ የተለየ ነገር ስሙ። ቀንና ሌሊት ለማይተው ሕመም «ሲያምዎ» ብቻ አይበቃም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣው መመሪያ እንዲህ ያለው ሕመም በአፍ በሚወሰድ መድኃኒት፣ በሰዓቱ፣ ከቀላሉ ወደ ጠንካራው ደረጃ በደረጃ እየተወጣ እንዲታከም አስተምሯል። ታማሚው እስኪያቃስት አይጠበቅም። የሚጠጣው ሞርፊን በየ4 ሰዓቱ ይሰጣል፤ በመካከል ሕመሙ ሰብሮ ሲወጣ የሚጨመረው ተጨማሪ መጠን ነው «ሲያምዎ» የሚባለው፤ እሱንም ስንት እንደሆነ ሐኪሙ ይወስናል። በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ2003 የተመሠረተው ሆስፒስ ኢትዮጵያ ይህን የማስታገሻ እንክብካቤ እስከ ታማሚዎች ቤት ድረስ በመውሰድ ሲያገለግል ቆይቷል። ሞርፊን የሚለውን ስም ሰምታችሁ «ሞቱ ቀርቧል ማለት ነው» ወይም «ሱሰኛ ያደርገዋል» ብላችሁ አባታችሁን እያቃሰቱ አትተዉአቸው። በሐኪም ልክ የሚሰጠው በሰላም ተኝተው እንዲያድሩ፣ ከልጆቻቸው ጋር እንዲነጋገሩ፣ ጸሎታቸውን እንዲያደርሱ፣ ካህኑ መጥተው ቀንዲል ሲያነቡላቸው በልባቸው እንዲከተሉ ያደርጋቸዋል። ሆድ ያደርቃል፤ ስለዚህ የሆድ ማለስለሻ አብሮ ይጠየቅ። ቢቀሰቀሱም የማይነቁ ከሆነ፣ እስትንፋሳቸውም ከዘገየ፣ ቀጣዩን ሳትሰጡ ወደ ሐኪም ሩጡ። ዕቃውም ልጅ ከማይደርስበት ይቆለፍ።

ሕመም አንዳንድ ጊዜ መልእክተኛ ነው፣ ማስታገሻ ደግሞ አፉን ይዘጋዋል። ከቡሬ ቁልቁል ወደ ጋምቤላ የምትመላለሱ ሹፌሮችና ነጋዴዎች ይህን ያዙልኝ። ከቆላ ተመልሳችሁ ትኩሳትና ራስ ምታት ሲይዛችሁ ፓራሲታሞል ያበርደዋል፤ ወባው ግን ውስጣችሁ ሥራውን ይቀጥላል። ደም ተመርመሩ። በሕይወት ዘመናችሁ አይታችሁት የማታውቁት ድንገተኛ ራስ ምታት፣ አንገት የሚያደርቅ ትኩሳት፣ ደረትን ጨምድዶ ወደ ክንድ የሚወርድ ሕመም፣ እንደ እንጨት የጠነከረ ሆድ፣ የእግር መስነፍ ያለበት የወገብ ሕመም፣ እነዚህ ኪኒን የሚፈለግላቸው አይደሉም። መኪና ነው የሚፈለግላቸው።

ለእማማ አንድ ደብተር ሰጥቻቸዋለሁ። እርሳቸው ባይጽፉም የልጅ ልጃቸው አምስተኛ ክፍል ነው። ኪኒን ሲወስዱ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ስንት እንደወሰዱ፣ ሕመሙ ከ10 ስንት እንደነበረና ከአንድ ሰዓት በኋላ ስንት እንደሆነ ይጽፍላቸዋል። ሌሊት ሲነቁ ልጁን ከመቀስቀስ ይልቅ አንዲት የቡና ፍሬ ሲኒ ውስጥ ይጥላሉ፤ ጠዋት ፍሬው ይቆጠራል። ይህን ዘዴ ያወጡት እኔ ሳልሆን እርሳቸው ናቸው። ዛሬ ከቅዳሴ በፊት ደብተሩን አሳዩኝ። በሳምንቱ ውስጥ 9 ኪኒን ነው የወሰዱት፤ ረቡዕ ማታ ከ7 ወደ 3 ወርዶላቸው እስኪነጋ ተኝተዋል። ሐሙስ ግን ሁለቱም ጉልበት አብጦ እንደነበረ ልጁ በራሱ ፈቃድ ጨምሮ ጽፏል። እብጠቱ መታየት ስላለበት ደብተሩን ይዘው ነገ ጤና ጣቢያ ይሄዳሉ።

ለሚቀጥለው ሰንበት እያንዳንዳችሁ ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ፣ ትራስ ሥር ያለውንም፣ በአንድ ፌስታል ይዛችሁ ኑ። ስሙንና የማለቂያ ቀኑን አብረን እናነባለን፤ ከረጢቱ ላይ ወሰኑ ያልተጻፈበትን እንጽፍበታለን። አሁን ወደ ኦሮምኛው ልሻገር።